ሁሉን የሚሰማ ጆሮ ስለ ምን ይነቀፋል?

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚል የቆየ ተረት አለ። ተረቱ የተነገረው ያየሁትን ሁሉ ካልገዛሁ እያለች ቤተ ሰቡን ለምታስጨንቅ ሴት ነበር፤ አሁን ግን በከተማ ያሉ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ከገበያ አውጥተው በሰው ጆሮ ላይ ይተርቱታል። አንድ ሰው ጧት በገና፥ ቀትር ላይ የጀርመኑን የባኽን ድርሰት፥ ማታ የአዝማሪን ማሲንቆ፥ ከዚያም አልፎ የግብፅን ዑድና የጥቁር አሜሪካውያንን ጃዝ በእኩል ትጋት ሲሰማ ያገኙት እንደ ሆነ ተያይተው ይሥቁበታል። «ሁሉን የሚወድ አንዱንም አይወድ» ይሉታል። አገር ወዳድ ነኝ ባዩ «የባዕድ ነገር አታሎታል» ብሎ ያዝንለታል፤ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣው ደግሞ «ባኽን የለመደ ጆሮ አዝማሪን እንዴት ይታገሣል?» እያለ ያፍርበታል። እነዚህ ሁለት ወገኖች በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሲሆኑ በዚህ ነቀፋ ብቻ ወንድማማች ሆነው ሲገኙ እጅግ ያስገርማል።

ተረቱ እውነት ነው፤ ሐሰት የሆነው አጠቃቀሱ ነው። ስለ ምኞት የተነገረውን ስለ ዕውቀት አድርገውታልና። በገበያ መካከል ያለውን ሁሉ እየዞረ የሚያይ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም እህል ነጋዴው ነው። ጤፉን በመዳፉ አፍሶ ያየዋል፤ ስንዴውን በጥርሱ ይሰብረዋል፤ ማሽላውን ያሸትተዋል። ይህን ሰው «ይህማ ጤፍ አይወድም» ብሎ የሚያማው የለም፤ እንዲያውም ስለ ጤፍ ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚጠሩት እርሱን ነው። በዕድሜው ሙሉ አንድ ቁና ጤፍ ብቻ ያየ ሰው ግን ያ ጤፍ ማኛ ይሁን ሠርገኛ በምን ይለየዋል? ከምንስ ጋር ያስተያየዋል? አንድ ዜማ ብቻ የሚያውቅ ሰው የእኔ ዜማ ከሁሉ ይበልጣል ሲል የሚናገረው እንዲሁ ነው። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት መሆኑን አያውቀውም።

በእርግጥ ነቃፎቹ የሚሉት ዓይነት ሰው የለም አይባልም። በኪሱ በሚይዘው ስልክ የዓለም ዜማ ሁሉ ይመጣለታል፤ እርሱም ሲበላ ያስጮኸዋል፥ ሲነጋገር ያስጮኸዋል፥ ሲተኛም አያጠፋውም። የትኛው ዘፈን መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንዳለቀ ቢጠይቁት አይነግርም። ይህ ሰው ዝምታን ይፈራል እንጂ ሙዚቃን ይወዳል ለማለት ያስቸግራል። ደግሞም ያ በስልኩ ውስጥ የሚመርጥለት መሣሪያ ትናንት የሰማውን አይቶ ዛሬ ያንኑ የመሰለውን ያቀርብለታል፤ ነገም እንደዚሁ። ስለዚህ ዓለምን ሁሉ በኪሱ የያዘ እየመሰለው በአውድማ ላይ እንዳለ በሬ በአንድ ክብ ይዞራል። የዚህ ሰው ጥፋቱ ግን የጆሮው ስፋት አይደለም፤ አለመስማቱ ነው። አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ ቢያስጮኽ ኖሮ ይሻለው ነበርን? ነቃፎቹ የእርሱን ኃጢአት በንጹሑ ላይ ጭነው ይፈርዳሉ።

የዚህ ፍርድ ክፋት እስከ ምን እንደሚደርስ ለማየት የሁንጋርያውን ሰው የቤላ ባርቶክን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ባርቶክ በ1881 ዓ.ም. ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዘመን በሁንጋርያ ከተሞች ያሉ ትልልቅ ሰዎች የሁንጋርያ ዜማ ይህ ነው የሚሉት በየምግብ ቤቱ የጂፕሲ ሙዚቀኞች የሚጫወቱትን ነበር፤ ከእነርሱ በፊት ዝነኛው ሊስትም በ1859 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፏል። የገበሬውን ዘፈን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ጥቂት ነበር። ባርቶክ በ1904 ዓ.ም. አንዲት የገጠር ልጅ ሥራዋን እየሠራች ስታንጐራጕር ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አላገኘም። ከወዳጁ ከዞልታን ኮዳይ ጋራ ሆኖ በሰም የተሠራ ቱቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጸውን የኤዲሶን መሣሪያ ተሸክሞ በየመንደሩ ዞረ። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየለመነ አዘፈናቸው። በአምስት ድምፅ ብቻ የቆመውን እጅግ አሮጌውን የሁንጋርያ ዜማ ያገኙት በዚህ ድካም ነው። (አምስት ድምፅ ሲባል ትዝታንና ባቲን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አደራደሩ ቢለይም ዝምድናውን ጆሮ ይገነዘበዋል።)

ባርቶክ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አገሩ ሁሉ ባመሰገነው ነበር። ነገር ግን አላቆመም። የሁንጋርያ ገበሬ ጎረቤቱ ስሎቫክ ነው፥ ሮማንያዊ ነው፤ ስለዚህ የእነርሱን ዜማ ሳያውቁ የራስን ማወቅ እንዴት ይቻላል ብሎ ወደ እነርሱም መንደር ገባ። በ1913 ዓ.ም. የቢሆርን አውራጃ የሮማንያ ዘፈኖች ቡካሬስት ላይ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግሮ በአልጀርያ ምድረ በዳ ዳር ወዳለችው ወደ ቢስክራ ሄደና የዐረቦችን ዜማ ቀረጸ። ከሮማንያ ብቻ የሰበሰበው ከ3,000 ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ፤ ሁንጋርያም ተሸንፋ በ1920 ዓ.ም. በትሪያኖን ውል ትራንሲልቫንያን ለሮማንያ ለቀቀች። በዚያው ዓመት ባርቶክ በሁንያድ አውራጃ ስላሉት ሮማንያውያን ዜማ የጻፈው ጥናት በጀርመንኛ ታተመ። ወዲያው የአገሩ ጋዜጣ ተነሣበት፤ አገሩን የከዳ፥ ለጠላት የሚመሰክር ተብሎ ተከሰሰ። ጥናቱ ከጦርነቱ አስቀድሞ በ1914 ዓ.ም. በሁንጋርኛ ታትሞ እንደ ነበር ያስታወሰ አልነበረም። ከሣሾቹም መንገድ ላይ ያገኛቸው መሃይምናን አልነበሩም፤ ከመካከላቸው የታወቁ የሙዚቃ መምህራን ነበሩባቸው። ይባስ ብሎ በ1930ዎቹ ዓመታት ከሮማንያ ወገን ደግሞ ለሁንጋርያ ያደላል የሚል ክስ ቀረበበት። እንግዲህ ይህ ሰው በሁለቱም ወገን ከዳተኛ ሆነ፤ የሁለቱንም ዜማ ከሁለቱም ይልቅ ስላወቀ።

እርሱ ግን በ1936 ዓ.ም. ወደ ቱርክ አገር ሄዶ በአዳና አካባቢ ያሉትን ዘላኖች ዘፈን ቀረጸ፤ በዚያም ከአሮጌው የሁንጋርያ ዜማ ጋራ የሚመሳሰል ነገር አገኘ። በ1940 ዓ.ም. ኤውሮፓን ትቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1942 ዓ.ም. ስለ ዘር ንጽሕና በሚጮኽበት በዚያ ክፉ ጊዜ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ የሕዝብ ዜማ የሚበለጽገው በመገናኘትና በመቀባበል መሆኑን አስረዳ። ይህን የተናገረ ሰው ሁንጋርያን አይወድም የሚል ካለ የማን ልጅ በየመንደሩ ዞሮ የአሮጊቶችን ድምፅ በሰም እንዳስቀረ ይመልስ። ከሣሾቹ ለሁንጋርያ ዜማ ያተረፉለት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው።

ነገሩ የሁንጋርያ ብቻ ቢሆን ለማዘን እንጂ ለመከራከር አያደርስም ነበር። በአገራችንም ጠባብ ጆሮ ያጠፋውና የሚያጠፋው አለ። እምቢልታን እንውሰድ። በቀድሞ ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ይነፋ የነበረው እምቢልታ ሦስት ሆነው የሚነፉት ነው። እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ስለ ሆነ ለብቻው ዜማ ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለው፥ ሦስቱ እንደ አንድ አፍ ሆነው ዜማውን ይፈጽሙታል። ይህን ጥበብ የቤተ መንግሥት ጌጥ ነው ብሎ የሚያደንቅ የከተማ ሰው በምዕራብ ጠረፍ በርታዎች ብዙ ሆነው መለከት ሲነፉ፥ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ድምፅ በተራው ሲጥል ቢሰማ «ጩኸት» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጥበቡ ግን ያው ነው። እምቢልታውን አስከብሮ መለከቱን ያስናቀው ምንድር ነው? ጆሮ አይደለም፤ የቤተ መንግሥቱ በር ነው።

በጋሞ ተራራ ያሉት ዶርዜዎችም እንደዚሁ ናቸው። አንድ ዘፈን ሲያነሡ ሁሉም አንድ ዜማ አይዙም፤ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ክፍል ይዞ ድምፃቸው እርስ በርሱ ተሸማምኖ ይወጣል። የኤውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ሰምተው ለመቅረጽ ብዙ መንገድ አቋርጠው መጥተዋል። ከአዲስ አበባ ሰው ስንቱ ነው በሸማ ሥራቸው የሚያውቃቸውን ያህል በዘፈናቸው የሚያውቃቸው? ሸማቸውን ለብሶ ዘፈናቸውን የማያውቅ ሰው ስለ አገር ፍቅር ሲያስተምር መስማት ያደክማል።

«የራሳችንን እንጠብቅ፤ የባዕዱን እንተው» ለሚሉትም አንድ ነገር ላስታዋሽ ይገባቸዋል። በ1924 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ከእልቂት ያመለጡ አባትና እናት የሌላቸው ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። ከእነርሱ ጋራ የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ይህም መዝሙር እስከ ዘውዱ መንግሥት ፍጻሜ ሲዘመር ኖረ። በዚያ ዜማ ባርኔጣውን አውልቆ የቆመ፥ ዕንባውም የመጣ ሰው ሁሉ የአርመን ልጅ ያቀናበረውን ሲሰማ ነበር። አገር ወዳድነቱ ጎደለበትን? በእርግጥ አልጐደለበትም። ያን ጊዜ የሰፋው ጆሮ የመንግሥት ስለ ነበር ማንም «ሁሉ አማረሽ» ለማለት አልደፈረም።

ከካህናት ወገን የሚመጣው ስጋት ከዚህ የተለየና የከበደ ስለ ሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ስጋታቸው ጆሮ ከሰፋ ሥርዓት ይፈርሳል፥ ዜማ ይደባለቃል የሚል ነው። መደባለቅ ክፉ መሆኑ እውነት ነው። ማንም አስተዋይ ሰው ፒያኖ ወደ ቅኔ ማሕሌት ይግባ አላለም፤ የዘፈን ምት በከበሮው ላይ ይጫን ያለ ቢኖርም የሚገሠጽ ነው። ነገር ግን በሰው ጆሮ ውስጥ ያለው ቦታና በመቅደስ ውስጥ ያለው ቦታ አንድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ለየጊዜው የየራሱን ትሰጣለች፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፥ በፋሲካ ይመለሳሉ። ይህን የሚያውቅ ማሕሌታይ ከበሮን የሚወድ ስለ ሆነ ጾመ ድጓን ይጠላል አይባልም። እያንዳንዱን በቦታው መውደድ ማለት ይህ ነው፤ ሰፊ ጆሮም ያለ ቦታ መለየት ሰፊ ሊባል አይችልም።

ቅዱስ ያሬድስ ቢሆን ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ብሎ ሦስት ዜማ ትቶልናል እንጂ አንድ ብቻ አልተወልንም። ከእርሱም በኋላ በድጓው የቤተ ልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብርና የተጉለት ይትበሃል ተለያይቶ ኖረ። ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፥ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ይኬዳል። ተማሪው ቆሎውን በኮሮጆ ይዞ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ውሻ እየነከሰው ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የአንድ መምህር አፍ ብቻ ስለማይበቃው አይደለምን? የመጀመሪያ መምህሩን ዜማ ብቻ የያዘ ደቀ መዝሙር የሌላውን ቤት ሲሰማ «ተበላሸ» ብሎ ይሥቃል፤ ሁለቱን ያወቀ ግን ሥቁን ትቶ ልዩነቱን በምልክቱ እያሳየ ያስረዳል። በዚህ ትምህርት ያለፉ ሊቃውንት የጆሮን ስፋት በነቀፉ ጊዜ የራሳቸውን የወጣትነት መንገድ መንቀፋቸው ሳይታወቃቸው ይቀራል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከማንም ይልቅ መጠቀስ የሚገባቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ይባል ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋራ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩና እዚያ ቪዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ። ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ በ1937 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት፥ ኋላም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ባለ ቪዮሊን ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን የሚያደርሳቸው የትምህርት ዕድል ሲሰናከል ዓለምን ናቁና ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኰሱ፥ ለዓመታትም በዚያ አምባ ባዶ እግራቸውን ኖሩ።

እንግዲህ የነቃፎቹ ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ ከዚህ ወዲያ ከሁለት አንዱ በሆነ ነበር። ወይ ፒያኖውን ረግመው በሞቱ ነበር፤ ወይ ቆቡን ጥለው ወደ ፒያኖው በተመለሱ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። በ1960ዎቹ ዓመታት ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ አጠኑ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬት ላይ እየተኙ፥ እየለመኑ የሚማሩትን የዜማ ተማሪዎችም አዩ። ኋላም በፒያኖ የደረሱትን በጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ፤ ገንዘቡንም ለድሆች ልጆች አሰቡት። በ1984 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ኖሩ።

ሥራቸውን ቀስ ብሎ ለሚሰማ ሰው ግራ እጃቸው የኤውሮፓን ዳንስ ያስታውሳል፤ ቀኝ እጃቸው በቅኝታችን ድምፆች ላይ ይሄዳል፤ አካሄዱ ግን ምት ቆጥሮ የሚራመድ አይደለም፤ ዜመኛ ቃሉን እንደሚያዞር እየዘገየ፥ እየተመለሰ፥ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ስዊስ የት ላይ አለቀ፥ ጎንደርስ የት ላይ ጀመረ ብሎ የሚቈርጥ ሰው አልተገኘም። ድብልቅ ነው የሚል ካለ እንደገና ይስማ፤ ከእያንዳንዱ ጋራ ዓመታት የኖሩ ጣቶች ናቸው የሚመቱት። ገዳሙም ስለ ፒያኖው ሥርዓቱ አልፈረሰም፤ ፒያኖው በክፍላቸው ነበረ፥ እርሳቸውም በሰዓቱ ለጸሎት ይቆሙ ነበር።

መጋቢት 26 ቀን 2023 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። ያን ተረት የሚወድ ሰው ሸክላቸውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይስማና ከዚያ በኋላ ይተርትባቸው።